አሥር ደቂቃ ለቅዱስ ሉዊስ

ረቡዕ ዕለት፣ ጁን 21 ቀን 2023፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ኮንሱኤሎ ባሏ ኩሽና ውስጥ ከሰው ጋር ሲነጋገር ሰምታ ነቃች። በዚህ ሰዓት የሚደውል ሰው ወይ መርዶ ሊነግር ነው ወይ ሊበደር ነው ብላ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወጣች። ስልክ አልነበረም። ኤርሚሎ በውስጥ ሱሪና በሥራ ጫማ ብቻ ሆኖ፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞ ፍሪጁ ፊት ቆሟል። «አበልጄ፣» ይላል ለፍሪጁ፣ «መቼም እርስዎ ያውቁኛል፤ እኔ የታዘዝኩትን ነው…» ያቆማል። ራሱን ይነቀንቃል። ጉሮሮውን ይጠርግና ደግሞ ከመጀመሪያው ይነሳል። «አበልጄ፣ ሙቀቱን እንዴት ይዘውታል?»

«ምን አለህ ፍሪጁ?» አለችው ኮንሱኤሎ ከበሩ።

«አንቺ ሴትዮ! ልቤን ልታቆሚው ነው እንዴ?»

«ቢያንስ ሱሪ ልበስ። እሳቸውን እንዲህ ሆነህ ብታነጋግራቸው አበልጅነቱንም ይፈቱታል።»

መልእክቱ የመጣው ማታ ነው። የሕንፃው ሥራ ኃላፊ ሚስተር ሃርላን በስልክ የላከው አራት መስመር ነበር። ኦስቲን የሚቀመጡት የቴክሳስ ሕግ አውጪዎች ከተሞች በየፊናቸው ያወጡትን ደንብ ሽረዋል፤ ዳላስ ለግንባታ ሠራተኛ ያወጣችው የውሃ እረፍትም አብሮ ተሽሯል። ስለዚህ ረፋድ አራት ሰዓትና ከሰዓት ዘጠኝ ላይ የነበረው አሥር አሥር ደቂቃ ከነገ ጀምሮ የለም፣ ምሳ ብቻ። ዜናውን ባልና ሚስቱ ቀደም ብለው በቴሌቪዥን አይተውት ነበር። የሕግ አውጪዎቹ አዳራሽ እንደ ሥጋ ቤት ማቀዝቀዣ ሳይሆን አይቀርም፣ ሴቶቹ ሻርፕ ደርበዋል፤ በየሰዉ ፊት ውሃ በብርጭቆ ተቀምጧል። አንዱ ሊናገር ተነስቶ ንግግሩን ሳይጨርስ ሦስት ጊዜ ተጎነጨ። «እየው እየው፣» ብላ ነበር ኮንሱኤሎ፣ «ደንብ ሳያስገድደው እንዴት እንደሚጠጣ።» ሕጉ የሚጸናው ከሴፕቴምበር ጀምሮ እንደሆነም ዜና አንባቢዋ ተናግራለች። ሚስተር ሃርላን ግን መጠበቅ የማይወድ ሰው ነው፤ ለአዲስ ዓመት የሚገዛውን መብራት በኦክቶበር የሚሰቅል ዓይነት።

ፎርማኑን ኤርሚሎን ያስጨነቀው ለሌሎቹ ግንበኞች መናገሩ አልነበረም። እነሱ ይሳደባሉ፣ ይስቃሉ፣ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ጉዱ ያለው ከዶን ቴሌስፎሮ ጋር ነው። ዶን ቴሌስፎሮ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የኤርሚሎን የመጀመሪያ ልጅ ክርስትና ያነሱ፣ ካዞላ፣ የግንበኛውን ማንኪያ፣ አያያዝም ያስተማሩት፣ ጋራዥ የነበረችውን የጓሮ ክፍል ተከራይተው ከእነሱ ጋር የሚኖሩ የስድሳ አራት ዓመት ሰው ነበሩ። ካለፈው ዓመት ኦገስት ወዲህ ኩላሊታቸው ጤና አልነበረውም። ያን ጊዜ ላባቸው በድንገት ድርቅ አለና እንደ ሲሚንቶ ከረጢት ዘጭ አሉ። የክሊኒኩ ዶክተር ኤርሚሎን ለብቻው ጠርቶ፣ ሰውየው ውሃ እየጠጡ ጥላ ሥር ካላረፉ ሁለተኛ ከወደቁ እንደማይነሱ ነገረው። ሥራውን ይተው እንዳይባል፣ ጡረታ የላቸው፣ መታከሚያ ወረቀት የላቸው፤ ያላቸው እጃቸው ነው። እጃቸው ደግሞ ኩራት ነበረበት። ሰው እየሠራ ዶን ቴሌስፎሮ አይቀመጡም። ሰው ሳይጠጣ አይጠጡም። ሌላው ጡብ ሲደረድር ጥላ ሥር መጋደም የታመመ በቅሎ ሥራ ነው ይላሉ። የከተማዋ ደንብ የታደጋቸው ለዚህ ነው። ሥራ ቦታው ያለው በርሜል ድሮም ውሃ ነበረው፤ ደንቡ ግን አራት ሰዓት ሲሆን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያስቀምጣቸዋል። ሁሉ ሲቀመጥ እሳቸውም ይቀመጣሉ፣ ማንም ማንንም አያይም፣ አያፍሩም።

ኮንሱኤሎ ይህን ሁሉ ስለምታውቅ ከዚያ ወዲያ አላሾፈችበትም። ቦሎቄና እንቁላል በቂጣ ጠቅልላ አራት ለእሱ፣ አራት ለአበልጅየው በፎይል አሰረች። ኤርሚሎ ሱሪውን ከለበሰ በኋላም ተመልሶ መጥቶ ፍሪጁ ፊት ቆመ፤ ዓይኑ ግን ከፍሪጁ ጎን የተሰቀለው የሥጋ ቤቱ ካላንደር ላይ ነበር። ቃል ጠፍቶት እንጂ ቀን እያነበበ አልነበረም።

ፒካፑ ውስጥ ሁለቱም አበልጆች ዝም አሉ። ዘወትርም ብዙ አያወሩም፣ የዚያን ቀን ዝምታ ግን ወንበር ይዞ መሐላቸው የተቀመጠ ሦስተኛ ሰው ይመስል ነበር። ዶን ቴሌስፎሮ የተላጨ አገጫቸውን እያሻሹ ውጭ ውጭውን ያያሉ። ጎማ ቤቱን ሲያልፉ፣ ያገለገለ ጎማ ስልሳ ዶላር መግባቱን አነሱ። ኤርሚሎ «እስከዚህ?» አለ። ነዳጅ ማደያው ጋ ሲደርሱ ደግሞ እንቁላል ረከሰ እንደተባለ ተናገሩ። ኤርሚሎ «እሱስ ረክሷል» አለ። ከዚያ አፉን ከፈተ። «አበልጄ…»

«አቤት አበልጄ።»

«በረዶ እንግዛ ወይስ ያለው ይበቃል?»

«እርስዎ እንዳሉ።»

በረዶ ገዙ። ከረጢቱ በሁለት ዶላር ከሃምሳ ይሸጥ የነበረው ሦስት ከሃምሳ ሆኗል። ኤርሚሎ ስለ ዋጋው ከሚገባው በላይ ረጅም ጊዜ አማረረ፤ ሻጯም አበልጁም በትዕግሥት ሰሙት።

ሕንፃው አምስት ፎቅ መኖሪያ ቤት ነው። አጥሩ ላይ አንዲት ሴት ከውሻዋ ጋር ሶፋ ላይ ተቀምጣ ስትስቅ የሚያሳይ ሥዕል ተለጥፏል፤ ከሥሩ «ከሁለት ሺህ አንድ መቶ ዶላር ጀምሮ» ይላል። ግንበኞቹ ለውሻው ስም አውጥተውለት በየጠዋቱ ሰላም ይሉታል። ሕንፃው አናት ላይ ደግሞ ሜይ ሦስት ቀን፣ በግንበኞች የመስቀል በዓል፣ ራሳቸው በወረቀት አበባ አስጊጠው ያቆሙት የእንጨት መስቀል ነበር። ያን ዕለት ሚስተር ሃርላን መስቀሉን ሲያይ ደንግጦ ዋናው መሥሪያ ቤት ደውሎ ነበር፤ ኋላ ግን የተጠበሰውን ፍየል በልቶ ከመስቀሉ ጋር ፎቶ ተነሳ። አበባው አሁን ፀሐይ በልቶት ነጥቷል። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የብረቱን መወጣጫ በባዶ እጅ መንካት አይቻልም ነበር። ጡቡ ከዳቦ ቤት የወጣ ይመስል ይፋጃል፤ ሞርታሩ፣ የሲሚንቶና የአሸዋው ቅልቅል፣ ገና ሳይዘረጋ ይደርቃል።

አራት ሰዓት ሲሆን ማንም ሰዓት ሳያይ ሁሉም ካዞላውን አስቀመጠ። አካል ነው የለመደው። ኤርሚሎም ማታ የተለማመደውን፣ ንጋት ላይ ለፍሪጁ የነገረውን ሁሉ ረስቶ፣ ፊቱን ወደ ሲሚንቶ ማቡኪያው አዙሮ፣ «እረፍቱ ቀርቷል። ኦስቲን ነው የሻረው። እኔ አይደለሁም፣» አለ።

ዊቾ፣ ከሁሉም በዕድሜ የሚያንሰውና በአፉ የሚበልጠው፣ ኮፍያውን አወለቀ። «ጋሼ፣ ኦስቲን ማን ነው? የት ፎቅ ላይ ነው የሚሠራው? ላናግረው።»

«አትቀልድ። ምክር ቤቱ ነው።»

«እሱማ ሴፕቴምበር ነው የሚጀምረው፣ እናቴ በዜና ሰምታለች።»

«ሚስተር ሃርላን ዛሬ ብሏል።»

«እንግዲያው ደሞዛችንንም የሴፕቴምበሩን ዛሬ ይስጠን!» ሁሉም ሳቁ። እየሳቁም ካዞላቸውን አነሱ። ዶን ቴሌስፎሮ አልሳቁም፤ ካዞላቸውን ቀድሞውንም አላስቀመጡም ነበር። ጀርባቸውን ሰጥተው ጡብ ይደረድራሉ።

ኤርሚሎ በመወጣጫው ሄዶ አጠገባቸው ቆመ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አበልጄ፣ እርስዎ እንኳ ትንሽ ጥላ ሥር ዞር ይበሉ። እኔ እሸፍንዎታለሁ፣» አላቸው።

«ብቻዬን?»

«ማን ያይዎታል?»

«እኔ አያለኋ፣» አሉና የተረፈውን ሞርታር በካዞላቸው ጠርዝ ቆርጠው ጣሉት።

ቢያንስ ይጠጡ ብሎ ውሃ በኩባያ አመጣላቸው። ተቀብለው አመሰገኑና ጡቡ ላይ አስቀመጡት። ሩብ ሰዓት ቆይቶ ሲመለስ ኩባያው እንደሞላ ነበር፣ ሲሚንቶ አቧራ ሰፍፎበታል። ኤርሚሎ ግን ከኩባያው በላይ ያስደነገጠውን ነገር አየ። አበልጁ የደረደሩት የመጨረሻው መስመር ወደ ግራ አዘንብሏል። ክር ሳይወጥሩ ቀጥ አድርገው የሚሠሩ ሰው ነበሩ። አንገታቸውን አየው። የሌላው ሰው ሸሚዝ ተጣብቆ ውሃ ሲያንጠባጥብ የእሳቸው አንገት ደርቋል፣ ላብ የሚባል የለውም፣ ቀለሙም የሲሚንቶ ሆኗል። ባለፈው ኦገስት እንዲህ ደርቀው ነበር የወደቁት፤ ያኔ ወለል ላይ ነበሩ፣ አሁን ሦስተኛ ፎቅ መወጣጫ ላይ ናቸው። ጎትቶ ቢያወርዳቸው በሰው ፊት አዋርዷቸዋል፣ ነገ ጓዛቸውን ጠቅልለው ከጓሮው ክፍል ይወጣሉ፣ ሌላ ሥራ ቦታ ሄደው ይወድቃሉ። ሁሉንም ቢያስቆም ሚስተር ሃርላን ከመስኮቱ ያያል፤ ሌላ ፎርማን እስከ ምሳ ሰዓት ያገኛል።

ንጋት ላይ እንደ ሞኝ ያፈጠጠበት ካላንደር በዓይኑ መጣ። የእሳተ ገሞራው ሥዕል፣ የሥጋ ቤቱ ስልክ ቁጥር፣ ሃያ አንድ የሚለው ቁጥር፣ ከቁጥሩ ሥር በጥቃቅን ፊደል የተጻፈው ስም።

«ዊቾ!» ብሎ ጮኸ፤ ደግሞ ቁልምጫውን ትቶ በሙሉ ስሙ፣ «ሉዊስ! አንተን እኮ ነው! ዛሬ የስምህ ቀን አይደለም እንዴ? ቅዱስ ሉዊስ ጎንዛጋ!»

ዊቾ ግራ ገብቶት ቀና አለ። «የኔ? እኔ እኮ የተወለድኩት ኖቬምበር…»

«የስምህ ቀን ነው የምልህ! ሁሉም ካዞላውን ያስቀምጥ!»

ዊቾ የፎርማኑን ዓይን አየ፣ ዓይኑ ወደ ዶን ቴሌስፎሮ አንገት ሲሄድ አየ። ከዚያ ድምፁን እንደ ሙሽራ እናት አወጣው። «ወይኔ ሰዎች! የስሜ ቀን ሳላስበው ሊያልፍ! እናቴ ብትሰማ በቀበቶ ነው! ውረዱ፣ ውረዱ፣ ሁላችሁም ውረዱ!»

በእነሱ ዘንድ የስም ቀን፣ ሰው በስሙ የተሰየመለት ቅዱስ የሚዘከርበት ዕለት፣ ዝም ብሎ አይታለፍም። ስሙ የተጠራለት ሰው ካለ ካዞላ ይቀመጣል፤ ካዞላ ጨብጦ የተሰማ ምርቃት ግንብ ይሰነጥቃል የሚሉ አሉ። መራቂው ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው ነው። ቀድሞ የሚጠጣውም እሱ ነው፤ እሱ ሳይጠጣ ማንም አይቀምስም። እንግዲህ ሽማግሌው ማን እንደሆነ የሚጠየቅ አልነበረም። ዶን ቴሌስፎሮ ወደ ኤርሚሎ ተመለከቱ፤ ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ ካዞላቸውን በጨርቅ ጠርገው አስቀመጡና የመወጣጫውን ብረት እየያዙ፣ ኤርሚሎ ከሥራቸው አንድ ደረጃ ቀድሞ እየወረደ፣ ጥላ ወዳለበት ምድር ቤት ወረዱ። ብሎኬት ላይ ተቀመጡ። በበረዶ ውሃ የተነከረ ፎጣ አንገታቸው ላይ ጣል ሲደረግላቸው አልተቃወሙም። በርሜሉ መጣ፣ ኩባያ ተሰጣቸው፣ ሁሉም ኮፍያውን አወለቀ።

«ቅዱስ ሉዊስ ሆይ፣» አሉ ዶን ቴሌስፎሮ፣ ድምፃቸው ቀጭን ነበር፣ «ይህ ልጅ በስምህ ይጠራል። ጥፋቱ የእናቱ እንጂ ያንተ አይደለም።»

«አሜን!»

«እጁን ቀጥ አድርግለት።»

«አሜን!»

«ምላሱን አሳጥርለት።»

«አሜን! አሜን!» ይህኛው ሦስት ፎቅ ተሰማ። ዊቾም አሜን አለ። ዶን ቴሌስፎሮ ጠጡ። ለቅዱሱ አንድ፣ ለቅዱሱ እናት አንድ፣ ለዊቾ እናት፣ እሷም ብዙ ችላለችና፣ ሌላ አንድ። በየኩባያው መሐል ምርቃቱን እያስረዘሙ፣ በሕይወት የሌሉ ግንበኞችን በየስማቸው እየጠሩ፣ ትንፋሻቸው ሲያጥር ዓይናቸውን ጨፍነው እየቆዩ። ማንም አላቻኮላቸውም። በሦስተኛው ኩባያ ግንባራቸው ላይ አንዲት የላብ ጠብታ ወጣች። ኤርሚሎ በሕይወቱ ውስጥ እንደዚያች ጠብታ ያማረ ነገር ያየ አልመሰለውም።

ሚስተር ሃርላን የደረሰው ያን ጊዜ ነው። ማቀዝቀዣ ካለው ኮንቴይነር ቢሮው ወጥቶ፣ ነጭ ቆቡን በእጁ ይዞ፣ ፊቱ ገና ሃያ እርምጃ ሳይሄድ ቀልቶ። «ኤርሚሎ፣ የላክሁልህን አላነበብክም?»

«አንብቤያለሁ ጌታዬ። ይሄ እረፍት አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ቅዱስ ሉዊስ ነው።»

ሚስተር ሃርላን በየተራ አያቸው፤ ኮፍያቸውን፣ ኩባያቸውን፣ ብሎኬት ላይ የተቀመጡትን ሽማግሌ። ስልኩን አውጥቶ ዋናው መሥሪያ ቤት ደወለ። እጁ በላብ ስላዳለጠው ስልኩን ድምፁን ከፍቶ በርሜሉ ክዳን ላይ አስቀመጠውና ሁሉም ከዋናው መሥሪያ ቤት ያነሳችውን ሴትዮ ድምፅ ሰሙ፤ እንግሊዝኛ የማይችሉትም ሳይቀሩ ከድምፅዋ ቃና ገባቸው።

«እረፍት ነው ወይስ ሃይማኖት?» አለች።

«ሃይማኖት ነው ይሉኛል።»

«እረፍት ከሆነ ከልክል፣ ሕጉ ከኛ ጋር ነው። ሃይማኖት ከሆነ እጅህን ሰብስብ። ጠበቃ እንዳታመጣብኝ።» ዘጋች።

ሚስተር ሃርላን ስልኩን ኪሱ ከተተ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሥራው ግን በሕንፃው መጠናቀቂያ ቀን ይለካል። ወደ ኤርሚሎ ዞረ። «እሺ ዛሬ ሉዊስ ነው። ነገስ?»

ኤርሚሎ በሃያ ዓመት ፎርማንነቱ ሰዓት እንኳ ዋሽቶ ሞልቶ አያውቅም፤ ሚስቱ ስለዚህ ጉዳይ የምትለው ብዙ ነበራት። አሁን ግን መዋሸት እንኳ አላስፈለገውም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ካላንደሩን አነበበ። «ነገ ፓውሊኖ ነው።»

«እዚህ ፓውሊኖ የሚባል ማን አለ?»

የለም። ያን ጊዜ ዊቾ በስፓኒሽ፣ «አማቴ!» አለ። «አማቴ ፓውሊኖ ነው! ከሰውየው ጋር አንነጋገርም፣ ለስሙ ግን እጠጣለሁ። ተርጉምለት ጋሼ።»

«የቤተሰብ ሰው አለው ይላል፣» ብሎ ተረጎመ ኤርሚሎ።

«ከነገ ወዲያስ?»

«አግሪፒና ናት። ከዚያ መጥምቁ ዮሐንስ። ቅዱሳኑ አያልቁም ጌታዬ፣ ዓመቱን ሙሉ ናቸው።»

ሚስተር ሃርላን መልስ ከመስጠቱ በፊት ዶን ቴሌስፎሮን እንደገና አያቸው። ባለፈው ኦገስት አምቡላንስ የጠራው እሱ ነበር። ፎጣውን አየ፣ ውሃውን በሁለት እጅ የያዙበትን አያያዝ አየ። ደርዘን ነገር ሊል እንደሚችል ያስታውቅ ነበር። ጎንበስ ብሎ ከቁልሉ አንድ የወረቀት ኩባያ አነሳ፣ ከበርሜሉ ቀዳ፣ ባንድ ትንፋሽ ጠጣው።

«ስንት ደቂቃ ነው የሚፈጀው ይሄ ጸሎት?» አለ አፉን በክንዱ እየጠረገ።

ኤርሚሎ አላመነታም። «አሥር።»

ማታ ሲመለሱ የፒካፑ መስኮት ክፍት ነበር፣ ማቀዝቀዣው ከሞተ ሁለት ዓመቱ። ነዳጅ ማደያውን አለፉ፣ ጎማ ቤቱን አለፉ። ዶን ቴሌስፎሮ የጋራዧ ክፍል በር ጋ ሲደርሱ ወዲያው አልወረዱም።

«ትናንት በሬዲዮ ሰምቼዋለሁ፣» አሉ።

ኤርሚሎ ሞተሩን አጠፋ። «ታዲያ አበልጄ፣ ምነው ጠዋት ዝም አሉኝ? እኔ እኮ ልፈነዳ ነበር።»

«ፎርማኑ እርስዎ ነዎት። ነጋሪው እርስዎ ነዎት። ደግሞም እንዴት አድርገው እንደሚነግሩኝ ለማየት ጓጉቼ ነበር። ስለ በረዶው ዋጋ አንድ ሰዓት ሲያማርሩ እኮ ሳቄን በጥርሴ ነው የያዝኩት።» በሩን ከፍተው፣ አንድ እግራቸውን አውርደው፣ ሳይዞሩ፣ «ነገ ፓውሊኖ ነው ያሉት?» ብለው ጠየቁ።

«ፓውሊኖ ነው።»

«ረዘም ያለ ምርቃት አስብለታለሁ፣» አሉና ወረዱ።

ሕንፃው እስኪያልቅ ድረስ በዚያ ግንብ ላይ በየቀኑ ረፋድ አራት ሰዓትና ከሰዓት ዘጠኝ ላይ ቅዱስ ተዘከረ። ዶን ቴሌስፎሮ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከዚያ በኋላ ሌላ አንድ ዓመት ተኩል ኖረው፣ በኩላሊታቸው፣ በገዛ አልጋቸው ላይ ዐረፉ። ከመንገዱ ማዶ በዚያው በጋ የሌላ ኮንትራክተር ሰዎች የመኪና ማቆሚያ ይገነቡ ነበር። ከሆንዱራስ የመጡ ጴንጤዎች ነበሩ፣ ቅዱስ አይዘክሩም፤ እረፍታቸው በጁን እንደተነሳ ቀረ። በኦገስት አጋማሽ ሁለቱን በአንድ ቀን አምቡላንስ ወሰዳቸው። አንደኛው ሰኞ ሥራ ገባ። ሌላው ኤልቪን ይባል ነበር፣ ሃያ ስድስት ዓመቱ፤ አስከሬኑ ወደ አገሩ የተላከው በሴፕቴምበር ሁለተኛ ሳምንት ነው፣ ሕጉ መጽናት ከጀመረ በኋላ።